ጨረቃ ላይ ለማረፍ አሥራ ሁለት ሰከንድ

የኮምፒውተር የጠፈር በረራ ጨዋታ ስላችሁ ተኩስ በተኩስ የሆነ ነገር እንዳይመስላችሁ። እኔን የያዘኝ ዓይነቱ ከፈተና ይብሳል፤ ነዳጁም፣ ክብደቱም፣ የጨረቃ ስበቱም ልክ እንደ እውነተኛው ነው። መሐል ሜዳ ከተማ ፊዚክስ አስተምራለሁ። በጠመኔ የምጽፈው ቀመር እዚያ ገብቶ መንኮራኩር ሲያበር ሳይ ደስታው አያስቀምጠኝም። ሲከዳኝ ደግሞ ላፕቶፑን ከግድግዳ ጋር ማላተም ያምረኛል። ጨረቃ ላይ ለማረፍ ስምንት ጊዜ ሞክሬ ስምንቱንም ጊዜ መንኮራኩሩ ውስጥ ያሉትን ሰዎቼን ፈጅቼ ነበር።

የዚያን ቅዳሜ ከሰዓት መብራት ጠፍቷል፤ ባትሪው ሊያልቅ ነው። ሦስት ጠፈርተኞች ይዤ ወደ ጨረቃ እየወረድኩ ነበር። ፍሬን የሚሆነው ሞተሩ ብቻ ነው፤ እሱም የሚሠራው ቁልፉን ተጭኜ እስከያዝኩ ድረስ ነው። መቶ ሜትር ቀረ። ሰማንያ። ፍጥነቱም ነዳጁም ልክ ነው። ጣቴን ላብ እያንሸራተተኝ ትንፋሼን ዋጥኩ። አሥራ ሁለት ሰከንድ ብቻ!

በሩ ተከፈተ። አባቴ ናቸው። የገጠር ቄስ ናቸው፤ ገበያ ሲወጡ ሳያዩኝ አይመለሱም። እኔ አላሰብኩም፣ እግሬ ነው ያሰበው።

"ኖር!" ብዬ ብድግ አልኩ። ጣቴ ቁልፉን ለቀቀ።

"በእግዜር! ተቀመጥ ልጄ" እስኪሉኝ መንኮራኩሩ ተከስክሶ ስክሪኑ አቧራ ብቻ ሆነ።

ደሜ ፈላ። በሕይወቴ ድምፄን ከፍ አድርጌባቸው አላውቅም።

"ምን አለ ቢያንኳኩ? ሦስት ሰው ገደሉብኝ!"

ፊታቸው አመድ መሰለ። መስቀላቸውን ደረታቸው ላይ ጭምቅ አድርገው ያዙ።

"እኔ? የምን ሰው?"

እጁን ደም የነካው ቄስ መቀደስ እንደማይችል የቄስ ልጅ ሆኜ አጥቼው አይደለም። ጨዋታ መሆኑን፣ ሰዎቹ ሥዕል መሆናቸውን፣ ጥፋቱም የእኔ መሆኑን እየተንተባተብኩ አስረዳሁ። ጉልበታቸውን ስሜ ይቅርታ ጠየቅሁ። "እግዜር ይፍታህ" አሉኝ፤ ከልባቸው ነው። ግን አልተቀመጡም። "ጨው ሳልገዛ ገበያው ይበተናል" ብለው ወጡ።

በአሥራ አንደኛው ሙከራዬ ጨረቃ ላይ አረፍኩ። ሦስቱም ሰዎቼ ደህና ናቸው፤ ደስ ግን አላለኝም።

አባቴ ዛሬም ቅዳሜ ቅዳሜ ይመጣሉ። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቶ እንኳ ውጭ ይቆሙና "ልግባ?" ይላሉ። ወደ በሩ ስሮጥ ቢያዩኝም፣ "ይግቡ አባባ!" የሚለውን ቃሌን ሳይሰሙ የገዛ ልጃቸውን ደፍ አይረግጡም።