ለእንግዳ ብለን የመረግነው ግድግዳ

በዚያ ቀን የነበርነው እነዚህ ነን፦ ርዕሰ መምህሩ፣ የሦስተኛ ክፍል አስተማሪዋ፣ የወላጆች ኮሚቴ ሰብሳቢ የሆኑት አዛውንት፣ ከደብረ ታቦር በሞተር ሳይክል የመጣው የግንባታ ባለሙያ፣ ሁለት ጎረቤቶቼና እኔ። ልጆቹ ክፍል ውስጥ ነበሩ። የእኔዋ ግድግዳው ጥግ ተቀምጣለች።

ትምህርት ቤታችን ከጉና ተራራ ግርጌ ያለ የእንጨትና የጭቃ ቤት ነው። እኔም እስከ አራተኛ ክፍል የተማርኩት እዚያው ነው። ግድግዳው ከሥሩ ስለተሰነጠቀ፣ መንግሥት አዲስ እንዲሠራልን ማመልከቻ ስንጽፍ ኖርን። በመጨረሻ፣ «ባለሙያ መጥቶ ያየዋል፤ በጀቱ የሚፈቀደው እሱ በሚጽፈው ነው» ተባልን። እንግዳ ይመጣል ሲባል እኛ ሴቶቹ ምን አደረግን? በዋዜማው ጭቃና ጭድ አቡክተን ስንጥቁን ድፍን አድርገን መረግነው። በእንግዳ ፊት እንዲያ ሆኖ መታየቱ አሳፍሮን ነው።

ሁላችንም ክፍሉ ውስጥ ገባን፤ ባለሙያው ግድግዳውን በመዳፉ ዳበሰና ሳቀ። «ይሄማ ከእኔ ቤት ይሻላል።»

«የኔ ልጅ፣ ትናንት ነው የተመረገው። ውስጡ ባዶ ነው» አሉ ሰብሳቢው።

«አባባ፣ እኔ የምጽፈው ያየሁትን ነው።»

ሰብሳቢው ወደ እኛ ዞሩ። «እናንተ ሴቶች፣ ሬሳ ገንዛችሁ ስታበቁ ሐኪም ትጠራላችሁ?»

«ጭዱን የሰጡን አንቱ አይደሉም እንዴ?» አለች አንዷ ጎረቤቴ።

ልጆቹ ጮክ ብለው በአንድ ድምፅ ያነባሉ። ባለሙያው ለመጻፍ ስላስቸገረው ዝም እንዲሉለት ጠየቀ። አስተማሪዋ ፊቷ ተለዋወጠ። «ዝም ባይሉ ይሻላል» አለች፤ ግን አስቆመቻቸው።

ያኔ ሰማሁት። ነፋስ አልነበረም፤ ውጭ ያለው ጭጋግም ባለበት ቆሟል። ግድግዳው ውስጥ፣ ሰው ተኝቶ ጥርሱን እንደሚያፋጭ ያለ ድምፅ ከወዲያ ጥግ ተነስቶ ወደ ልጄ መጣ። ከልጆቹ አንድም የደነገጠ የለም። ድምፁ አጠገባቸው ሲደርስ ተራ በተራ አንገታቸውን ደፋ አደረጉ፤ ለምደውታል።

«ሁልጊዜ እንዲህ ነው፣ እማዬ» አለች ልጄ በሹክሹክታ። «ስናነብ ግን አይሰማም።»

እርጥቡ ምርጊት ከላይ ወደ ታች ቀስ እያለ ተከፈለ። ባለሙያው እጁን ሰደደበት። እስከ ክርኑ ገባ። ፈጥኖ መልሶ አወጣው።

«ልጆቹን አውጡ» አለ።

የጀመረውን ወረቀት ቀዶ ሌላ ጻፈ። ርዕሰ መምህሩ አነበበልን፦ አስቸኳይ፣ ፈርሶ እንደ አዲስ ይሠራ። ባለሙያው ክንዱን እንኳ ሳይታጠብ ሞተሩን አስነስቶ ጭጋጉ ውስጥ ገባ።

ወር ቆይተን ደብረ ታቦር መሥሪያ ቤቱ ሄደን ብንጠይቅ ወረቀቱ አልደረሰም አሉን። ባለሙያው ያን ዕለት ሞተሩን ለመሥሪያ ቤቱ ዘበኛ አስረክቦ በእግሩ ወጥቷል፤ ከዚያ ወዲህ ሥራ ቦታውም፣ የተከራየው ቤትም አልተመለሰም። ያለ እሱ ወረቀት በጀት የለም። ልጆቹ ውጭ ሲማሩ ቆይተው ዝናብ ሲጀምር ተመልሰው እዚያው ክፍል ገቡ። እኔ ጠዋት ጠዋት ሲያነቡ ለመስማት ከክፍሉ ደጅ አልጠፋም።

ባለሙያው ረጅም ጠይም ወጣት ነው፤ ግራ ቅንድቡ ላይ ጠባሳ አለው። ያያችሁት ካላችሁ የት እንዳለ ንገሩን።