ሦስት ኮምፒውተርና አንድ ክሊራንስ

ደብረ ብርሃን ባለቤቴና ልጄ ይጠብቁኛል። ዝውውሩ ተፈቅዶልኛል፤ ግን እስከ ዓርብ ማታ ከቢሮዬ የመልቀቂያ ክሊራንስ ካልያዝኩ ቦታው ለሌላ ሰው ይሰጣል። የቀረኝ የኃላፊዬ ፊርማ ብቻ ነበር።

ሐረር ያለው ቢሯችን የውሃ ጉድጓዶችን መረጃ የሚያሰላው በጽሑፍ ትእዛዝ ብቻ በሚሠራ ፕሮግራም ነው። ተዘጋጅቶ አይመጣም፤ ምንጭ ኮዱን አውርዶ እያንዳንዱ ማሽን ላይ ኮምፓይል ማድረግ፣ ማለትም ማሽኑ ወደሚረዳው ፕሮግራም መቀየር ያስፈልጋል። ያሉን ደግሞ አንድ ሊኑክስ፣ አንድ ዊንዶውስና አንድ ማክ ናቸው፤ የሦስቱም ጠባይ ለየቅል ነው። አራት ዓመት ሙሉ ይህን የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። እውነቱን ልናገር፣ ደስ ይለኝ ነበር።

ኃላፊዬ ጡረታቸው የደረሰ የሐረር ሰው ናቸው። እሳቸው ዘንድ ርክክብ በወረቀት አያልቅም፤ ተረካቢው ሲሠራ አስረካቢው እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል። ዓርብ ከጁምዓ መልስ ወንበሬን መስኮቱ ጋ አስቀመጡልኝ።

“አብሽር፣ እሷ ብቻዋን ከጫነችው ወላሂ አሁኑኑ እፈርማለሁ” አሉኝ።

የምትተካኝ ባልደረባዬ በጥድፊያ የጻፍኩላትን መመሪያ ይዛ ጀመረች። ሊኑክሱ አለቀ። ዊንዶውሱም አንድ ሰዓት አንገላቷት አለቀ። ማኩ ግን መሀል ላይ ቆመና አንድ ፋይል አላገኘሁም አለ። ወዲያው ገባኝ፤ ፋይሉ ያለበትን ቦታ ማክ ላይ በእጅ መንገር ያስፈልጋል፤ እኔ ሁልጊዜ ሳላስበው ስለማደርገው መመሪያው ላይ ዘልዬዋለሁ።

እሷ የስህተቱን ጽሑፍ ከላይ ጀምራ ቃል በቃል ታነባለች። ሐኪም ጋራ የሚባለውን ተራራ በመስኮት እያየሁ ራሴን ለማረሳሳት ሞከርኩ። እጄን አሳከከኝ። ሰዓቱ ወደ አሥራ አንድ እየተጠጋ ነበር፤ እሷም ቀስ እያለች ትክክለኛው መስመር ላይ ደርሳ ነበር።

“ቆይ፣ አገኘሁት መሰለኝ” አለች።

አልቆየሁም። ተነሥቼ ኪቦርዱን ከፊቷ ሳብኩና አንድ መስመር ጻፍኩ። ፕሮግራሙ ተጫነ። ፈገግ ብዬ ወደ ኃላፊዬ ዞርኩ።

“አየህ፣ ያለ አንተ አይሆንም” አሉ። እያመሰገኑኝ ነበር። የእስክሪብቷቸውን ክዳን ገጥመው ክሊራንሱን መሳቢያ ውስጥ ከተቱት። እንደገና ትሞክር ብዬ ለመንኳቸው፤ የተጫነ ማሽን ምኑ ይፈተናል አሉኝ።

ወደ አቦከር ሰፈር በእግሬ ስወርድ ባለቤቴ ደወለች፤ ፈረሙልህ ወይ ብላ ጠየቀችኝ። እምቢ አሉ አልኳት።