በአንሶላ ላይ የመጣ መርዶ

ሰሊጥ ታጭዶ በአጣና ላይ ተደግፎ የሚደርቅበት በጋ ነበር። ሳሩ ተቃጥሎ አመዱ እንደ ቁራ ላባ እየበረረ በየደጁ ያርፋል፤ የተሰጣ ልብስ ሁሉ ጭስ ጭስ ይላል። ጦርነቱ አልፎ ሰው ከመጠለያ ጣቢያ ወደየሰፈሩ ከተመለሰ ሰንብቷል። ያን በጋ ውሻ ሲጮኽ ማንም ከመኝታው አልተነሣም፤ ሴቶች ሲስቁ አፋቸውን በእጃቸው መሸፈን ትተው ነበር። እንዲህ ቀለል ባለን ጊዜ ነው እንግዲህ የፊልም ሰዎች ከካምፓላ የመጡት።

የመጡት ለቬንቶሪና ላሙኑ ታሪክ ነው። ቬንቶሪና ከአስዋ ወንዝ ወዲህ ያለችው የልጅቷ የላኮት እናት ናት፤ ባሏ ሴሌስቲኖ በጦርነቱ ተወስዶ የቀረባት። ያኔ በጦርነቱ፣ አንድ ቀን ጸሐይ ሲያዘቀዝቅ ሰሊጧን ስታበጥር ሸማቂዎቹ ደረሱ። አለቃቸው ገና ጢም ያላወጣ ልጅ ነበር። ውሃ ለመነ፤ በቅል ሰጠችው፤ ጠጥቶ አመሰገናት። ከዚያ የሰሊጡን ጆንያ በሴሌስቲኖ ራስ ላይ አስጫኑት። ሴሌስቲኖ ዞር ብሎ፣ «ማሰሮውን ክደኚው፣ ዶሮ ይገባበታል» አላት፤ ወደ ሰሜን ሄዱ። ማንም ማንንም አልመታም። ሰውየውም አልተመለሰ፣ አጥንቱም አልተገኘ።

በእኛ ዘንድ ሲሞት ላልታየ ሰው አይለቀስም። ጦሩ ከጣራው ሥር እንደተሰካ ይቆያል፣ ሚስቱም ሚስቱ ናት። ከአባቱ ቤት የሆነች ሴት ስሙን ጠርታ ዋይ ካለች ግን አበቃ፤ የወጣ ዋይታ ተመልሶ አይዋጥም። ጠላ ተጠምቆ እርም ይወጣል፣ ሚስትየዋም መበለት ትባላለች። ቬንቶሪና መበለት አልተባለችም። የማሰሮውን ክዳንም አንድ ቀን አልረሳችም።

የፊልሙ አለቃ ሴምዋንጋ የሚባል፣ ቋንቋችንን የማይሰማ፣ ጨዋ ሰው ነበር። የሚያስተረጉመው ካምፓላ ሠርቶ የተመለሰው የሴሌስቲኖ ታናሽ ወንድም ኦሎያ ነው።

«እማማ፣ እኛን ያመጣን ታሪክሽ እውነት ስለሆነ ነው» አላት ሴምዋንጋ።

«እውነት ከሆነ እንዳለ ውሰደው።»

«ሰሊጥ ተሸክሞ የሄደን ሰው አይቶ ማን ያለቅሳል? ጦርነት እኮ ነው። ደም ከሌለው ማን ያምነናል?»

«እኔ አምናለሁ። እዚያው ነበርኩ።»

ኦሎያ ይህን ካስተረጎመ በኋላ ከራሱ ጨመረበት። «ይቺ ሴት አንዴ ከያዘች አትለቅም በለው ብላኛለች። ወንድሜም እኮ ከእሷ ጆንያው ሳይሻለው አይቀርም።»

«የመጨረሻውንስ እኔ አላልኩም» አለች ቬንቶሪና ሲስቁ አይታ።

አንድ ነገር ብቻ አስጠነቀቀች፤ ሴሌስቲኖ ከደጇ በእግሩ ይውጣ። ሴምዋንጋ በእሺታ ራሱን ነቀነቀ።

ተዋናዩ ከጉሉ የመጣ አንገተ ወፍራም ጎረምሳ ነው። ምሳ አበላችው። ጆንያውን ተሸክሞ ሲራመድ አይታ አልወደደችም። «ምን ከተቱበት?» አለች። ደረቅ ሳር ነበር። «ሰሊጥ አንገት ይሰብራል፤ ይሄ እንደ ትራስ ነው የያዘው።» ከጎተራዋ አውጥታ ሞላችላቸው። ልጁ አንገቱ እየተንቀጠቀጠ፣ ማሰሮውን ክደኚው ብሎ፣ በእግሩ ወጣ። ጀርባው አንድ ጊዜ ሴሌስቲኖን መሰላት። የእኔን ታሪክ ወሰዱ ብላ እርሻዋ ወረደች።

ከሰዓት በኋላ እዚያው ደጅ ላይ ሌላ ቀረጹ። ስኳር በቀይ ቀለም በጥብጠው፣ ቆንጨራ አስይዘው፣ ያንኑ ጎረምሳ አጋደሙት። ዝንቡ እስኪጠግብ ላሰው። ሴምዋንጋ ለማንኛውም ይኑረን አለ አሉ። ሴቶቹ ሄደው ሲነግሯት ቬንቶሪና ካጎነበሰችበት ቀና እንኳ አላለች። «ይጫወቱ። የእኔን አስቀድመው ወስደዋል» አለች። ፊልም ማለት ቆርጦ መቀጠል መሆኑን ማን ነግሯት።

ፊልሙ የመጣው ሌላ ሰሊጥ ከታጨደ በኋላ ነው። ከትምህርት ቤቱ ክፍል በአንዱ አንሶላ ወጠሩ፤ መስኮቶቹን በብርድ ልብስ ጋረዱ። ውጭ ጸሐይ ነው፣ ውስጡ ግን እንደ ጎተራ ጨልሟል። መጀመሪያ ጽሑፍ መጣ። ኦሎያ ጮክ ብሎ አነበበ፦ «በእውነተኛ ታሪክ ላይ የተመሠረተ።» ሸማቂዎቹ ሲመጡ ሽማግሌዎች አጉተመተሙ፤ የእነዚያ የእውነተኞቹ ቦቲ ላስቲክ ነበር፣ የእነዚህ ቆዳ ነው፣ ያውም አዲስ።

ከዚያ የቬንቶሪና ደጅ መጣ። አለቅየው ውሃ አልለመነም። ጆንያ የለም፣ ማሰሮም የለም። ቆንጨራው ተነሣ።

የሴሌስቲኖ ታላቅ እህት ካርሜላ ከአግዳሚው ተነሥታ፣ ሁለት እጇን አናቷ ላይ ጭና፣ «ሴሌስቲኖ፣ የአባቴ ልጅ! ዋይ!» አለች።

ፊልሙ ብቻውን ተኩሱን ቀጠለ፤ የሚያየው አልነበረም። ሁሉም የሚያየው ካርሜላን ነው።

«ካርሜላ፣ ምን ነካሽ?» አለች ቬንቶሪና። «ያ የጉሉው ልጅ እኮ ነው። ለምሳ ቦዬ አብልቼዋለሁ፣ ሁለተኛ ጨምሩልኝ ብሏል።»

«ሲሞት አየሁት።»

«ደሙ ስኳር ነው። ዝንብ ሲልሰው ሰፈሩ ሁሉ አይቷል።»

ሽማግሌው ኦብዎያ ከኋላ ሆነው፣ «ደሙ ስኳር ይሁን። ዋይታው ግን ስኳር አይደለም» አሉ።

በማግስቱ ዘመድ ከዛፉ ሥር ተሰበሰበ። ኦብዎያ ክፉ ሰው አይደሉም፤ ልጆቻቸውን ቀብረዋል፣ ሕጉን ያውቃሉ።

«የላኮት እናት፣ በአንሶላ የታየ ሞት ሞት አይደለም ትያለሽ። እኔም እላለሁ። ግን የተጠራው ስም የማነው?»

«የባሌ።»

«ዋይታ ወጥቶ እርም ካልተከተለው ከዘር አንገት ይፈልጋል፤ ሌላ ሰው ይወስዳል። ይሄንን ታውቂያለሽ።»

«እንግዲያው ለሞተው ለቅሶ ተቀመጡ። ለተዋናዩ።»

ሰው ሳቅ አመለጠው። «እሱ ጉሉ ቢራውን እየጠጣ ነው» አለ ኦሎያ።

«ሴሌስቲኖም አንድ ቦታ ውሃ እየጠጣ ይሆናላ። ፊልሙ ውስጥ የሞተውን ልጅ ያለበትን ስለምታውቁ ሕያው ነው ትላላችሁ፤ የእኔን ያለበትን ስለማታውቁ ገደላችሁት።»

ጠላው የሚደርስበት ቀን ተቆረጠ፤ ማሽላው ተዘፈዘፈ። የሴሌስቲኖ ጦር በዕለቱ ከጣራው ሥር ይነቀላል ተባለ።

በዚያው ሰሞን ቬንቶሪና ካርሜላን ጉድጓድ ውሃው ዘንድ አገኘቻት። ሁለቱም እንስራቸውን አውርደው ቆሙ።

«አምነሽ ነው የጮኽሽው?»

ካርሜላ የእንስራዋን አፍ በሳር ወተፈች። «አላውቅም። መጠበቅ ደክሞኝ ነበር። ቆንጨራው ሲወርድ፣ እግዜር ይይልኝ፣ ቀለለኝ።»

«እኔ አልደከመኝም።»

«አውቃለሁ። አንቺኮ ያየሽው ጀርባውን ነው። እኔ ምንም አላየሁም፤ የምይዘው ነገር እንኳ አልነበረኝ።»

ቬንቶሪና እንስራውን አሸከመቻት።

የእርሙ ጧት ሴቶቹ ቤቷን ሊጠርጉ ሲሄዱ ቤቱ ተጠርጓል፣ ማሰሮው ተከድኗል። ቬንቶሪና የለችም፤ ጦሩም ከቦታው የለም። የሰሊጥ ጆንያና የውሃው ቅልም የሉም። ሚስት በሌለችበት እርም መውጣት ታይቶ አይታወቅም፤ ጠላ ደግሞ ከደረሰ ወዲያ አይጠብቅም። ኦብዎያ ከጠላው መሬት ላይ አፈሰሱ፣ ሊመርቁ የጀመሩትን አልጨረሱትም፣ ተቀመጡ። ካርሜላ አለቀሰች። ኦሎያ እስኪበቃው ጠጣ። ከዚያ ቀን ወዲህ ሴሌስቲኖን እናውሳ ስንል ነፍስ ይማር የሚልም አለ፣ በሰላም ይመለስ የሚልም አለ፤ ሁለቱን ባንድ ትንፋሽ የሚልም ሞልቷል። ፊልሙ በውጭ አገር ተወዶ ሽልማት በላ አሉ።

ላኮት እናቷን ስትፈልግ ከርማ ያገኘቻት ኒሙሌ ነው፤ ሴሌስቲኖ ከሄደበት ከሰሜን የሚመጣው መኪና ሁሉ ድንበር ለመሻገር የሚቆምበት። ገበያው ዳር በቆርቆሮ ከለላ ሥር ሰሊጥ ትሸጣለች። ላኮት ወደ ቤት እንመለስ ብትላት እምቢ አለች፤ ጆንያውን አስተካክላ፣ ለቆመ መንገደኛ በቅል ውሃ ሰጠች። ከዚያ ወዲህ ያያት የለም፤ በመጨረሻ የታወቀ መኖሪያዋ ኒሙሌ ነው።