ለጋሽ ተፈራ ማንም ያልተነሳ ቀን

ዛሬ ከሥራ ዝዬ ስመለስ የአካላ ባቡር ጣቢያ ወለል ይታጠብ ነበር። የጥድ ሳሙናው ሽታ ባለሁበት አቆመኝ፤ የጋሽ ተፈራ ሽታ ነው።

ጋሽ ተፈራ በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ እዚህ ስቶክሆልም የተማርኩበት፣ ኩዌከር የሚባሉ ክርስቲያኖች ያቋቋሙት ትምህርት ቤት የጽዳት ሠራተኛ ነበሩ። ብዙ ዘመን ያገለገሉ መምህራንና ሠራተኞች በሚመሰገኑበት ቀን፣ አማርኛ የማውቅ ተማሪ እኔ ብቻ ስለነበርኩ፣ እንዳስተረጉምላቸው አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ኩዌከሮች ሰው የሚያከብሩት አብረው ዝም ብለው ነው፤ የሚናገረው ያለው ተነስቶ ይናገራል፣ ልጅም ቢሆን። ለመምህራኑ ብዙዎች ተነሱ። የጋሽ ተፈራ ስም ሲጠራ ግን ማንም አልተነሳም። እሳቸው ሱፋቸውን ቆልፈው፣ አንገታቸውን ደፍተው ጠበቁ።

«ልጄ፣ ምን አጥፍቼ ነው?» አሉኝ በሹክሹክታ።

«ምንም አላጠፉም። ዝም ያሉት ሊያከብሩዎት ነው።»

«እሱስ ይሁን። ስለ እኔ የሚናገር አንድ ሰው ግን ይጥፋ?»

በበረዶ የራሰ ጓንቴን በየቀኑ ማሞቂያው ላይ የሚያደርቁልኝ እሳቸው ነበሩ። ይህንኑ ተነስቼ መናገር እችል ነበር። የመጣሁት ግን ላስተረጉም ነው ብዬ እንደተቀመጥኩ ቀረሁ።

ጣቢያውን የምታጥበው ሴትዮ ቆሜ ብታየኝ መወልወያዋን ሰብስባ መንገድ ለቀቀችልኝ። አንገቴን ደፍቼ፣ «አመሰግናለሁ» እንኳን ሳልላት፣ እርጥቡን ወለል ረግጬባት አለፍኩ።