በአንድ እጅ የሚታሰር ሰዓት

ባለፈው ሰሞን ልጄ ሰዓት ልትገዛልኝ ወልድያ አንድ ሱቅ ይዛኝ ገባች። ሻጩ ወጣት የመስታወቱን ሳጥን ከፍቶ፣ «አባባ፣ ዘለበት ያለው ይሻልዎታል ወይስ ታጣፊው?» አለኝ። ተራ ጥያቄ ነው። ግራ እጄ ከአንጓው በታች እንደሌለም ገና አላየም። እኔ ግን መልስ ሳልሰጥ ፊቴ ጋለ። ልጄ፣ «ምነው አባዬ፣ አመመህ እንዴ?» ብላ ክንዴን ያዘች። አላመመኝም። በሐሳቤ የደርግ ጊዜዋ ላሊበላ ገብቼ ነበር።

ከሰሜን ጦር ግንባር የተመለስኩት ጢሜ በቅጡ ሳይሞላ ነው። ግራ እጄን ፈንጂ ወሰደው። የተወለድኩት ብልባላ ቢሆንም አገሬ መግባት ከበደኝ፤ ላሊበላ ውስጥ በአንድ ትምህርት ቤት ደወል መቺ ሆኜ ተቀጠርኩና እዚያው ቤት ተከራየሁ። ክረምት ከበጋ ጋቢ እደርብ ነበር። ፀሐይ አለቱን ስታግለው፣ ሰው ሁሉ ጥላ ሲፈልግ፣ እኔ ግራ ክንዴን ከጋቢው ሥር ሸሽጌ ላብ በጀርባዬ ይወርዳል።

ከመዝመቴ በፊት ዓለሚቱ የምትባል የብልባላ ልጅ ታጭታልኝ ነበር። ቤተሰቦቻችን ተነጋግረው፣ ቃል ታስሮ፣ ሠርጉ ብቻ ነበር የቀረው። ከሆስፒታል እንደወጣሁ ሽማግሌ ላክሁና ቃሉን አፈረስኩ። ለምን እንደሆነ ሲጠይቁኝ፣ «ትቻታለሁ በሉልኝ» ከማለት በቀር አንድ ነገር አልተነፈስኩም። ሚስቱ ሸሚዙን የምትቆልፍለት፣ ቀበቶውን የምታስርለት ባል ከመሆን ሞት ይሻለኛል ብዬ ነበር። እሷንም ከመከራ ያዳንኳት መስሎኝ ነበር።

ደወል መቺ ያለ ሰዓት አይሆንም። ደሴ ሹፌር የነበረው ታላቅ ወንድሜ የራሱን ሰዓት ከእጁ ፈትቶ ሰጠኝ። ማሰሪያው ቆዳ፣ መያዣው ተራ ዘለበት ነበር። ሁለት እጅ ያለው ሰው ዘለበት ሲያስር ልብም አይለው፤ ወሬ እያወራ ያስራል። እኔ በየማለዳው ሰዓቱን ጉልበቴ ላይ አስተኝቼ፣ ቀኝ አንጓዬን ከላዩ አሳርፌ፣ የማሰሪያውን ጫፍ በጥርሴ እጎትት ነበር። ቆዳው የላብና የቅቤ ጣዕም ነበረው። የዘለበቱ ምላስ ቀዳዳውን ስትስት ከንፈሬን ትወጋኛለች።

አንድ ቀን ጠዋት ከአውራጃው ካድሬዎች መጡ። ደወሉ ሥር ተቀምጬ ማሰሪያውን ነክሼ ስታገል ደረሱብኝ።

«ጓድ፣ ደወሉ አልዘገየም?» አለኝ አንደኛው።

አፌን ብከፍት ሰዓቱ ድንጋይ ላይ ይወድቃል። እንደነከስኩ ቀና ብዬ አየሁት። ሰውየው ወደ ዳይሬክተሩ ዞሮ፣ «ምንድን ነው ይኸ ሰውዬ የሚያኝከው?» ሲል ተሰልፈው የነበሩት ተማሪዎች ሳቁ። ዳይሬክተሩ ቀረብ ብሎ፣ አንጓዬን እንደ ሕፃን እጅ ይዞ፣ ዘለበቱን አሰረልኝ። ደግነቱ ነው። እኔ ግን በጥፊ ቢለኝ በወደድኩ።

የዚያኑ ቅዳሜ ገበያ ወጣሁ። ጋሽ ይማም የሚባሉ ሰዓት አዳሽ ከደሴ እየመጡ፣ ከቅቤ ተራው ጎን ባሕር ዛፍ ሥር ትንሽ ጠረጴዛ ይዘረጉ ነበር። አጉሊ መነጽራቸውን አንድ ዓይናቸው ላይ ሰክተው ጎንበስ ሲሉ ዓለም ቢገለበጥ ቀና አይሉም።

«ይኸን በአንድ እጅ የሚታሰር ያድርጉልኝ» አልኳቸው።

«የማን ነው?»

«የዘመድ» ብዬ ዋሸሁ።

«ታዲያ ዘመድህ አንጓውን ሳያመጣ በምን ልለካው?»

ቀኝ እጄን ከጋቢው አወጣሁ። ግራዬን አላወጣሁም። ጋሽ ይማም እጄንም ጋቢዬንም አይተው፣ «አብሽር» አሉና ሌላ ጥያቄ ሳይጨምሩ ከሻይ ቆርቆሮ የመቆለፊያ ዓይነት ጨርቅ ላይ ዘረገፉ።

«ላንተ የሚበጀው ታጣፊ ነው» አሉ። «ዘለበት ሲፈታ ማሰሪያው ሁለት ይሆናል። ታጣፊው ግን እንደ አምባር ተያይዞ ይቀራል። ብረቱ ሲዘረጋ ይሰፋና እጅህን ታስገባለህ፤ ስታጥፈው ይጠባል።»

እኔ አንድ የሚያብረቀርቅ፣ ሁለት ክንፍ ያለው አነሳሁ።

«እሱ ለሙሽራ ነው» አሉ ሳቅ ብለው። «ለመክፈት ግራና ቀኙን ባንድ ጊዜ በሁለት ጣት መጫን ይፈልጋል። ሰዓቱ ያለበት እጅ ደግሞ የራሱን አንጓ አይነካም።»

መለስኩት። ሁለተኛው ሲዘረጋ ጠባብ ሆነ፤ የገበሬ ልጅ መዳፍ ነውና አውራ ጣቴ ሥር ሲደርስ እምቢ አለ። ሦስተኛው እጄን አሳለፈ፤ ግን ረጅምና ቀጥ ያለ ስለነበር ሲዘጋ ጠርዙ አጥንቴን ቆነጠጠኝ። ቸኩዬ፣ «ይሁን ግድ የለም» ስላቸው፣ «ዛሬ ግድ የለህም፣ ነገ ቁስል ይዘህብኝ ትመጣለህ» ብለው ከእጄ አወለቁት። በመጨረሻ ከአንድ የሞተ ሰዓት የወጣ፣ ፊቱ የተጫጫረ ባለ አንድ እጥፍ ብረት መረጡ። እንደ አንጓዬ ጎበጥ ያለ ነበር።

ማሰሪያው ከብረቱ አፍ ስለሰፋ ጫፉን በምላጭ ከግራም ከቀኝም ላጥ ላጥ አደረጉት። ቀጥሎ ርዝመቱን ከሁለቱም ወገን እኩል ቀነሱ፤ ካንድ ወገን ብቻ ከተቆረጠ መቆለፊያው ከአንጓ ሥር ወደ ጎን ይሸሽና ሰዓቱ ይዞራል ብለው አስረዱኝ። ጥቂት ይቆርጣሉ፣ ይለካሉ፣ ደግሞ ጥቂት ይቆርጣሉ። ማሰሪያውን ከብረቱ የምታያይዘውን ባለ ሞላ ቀጭን ዘንግ ሲገፏት ተስፈንጥራ አቧራ ውስጥ ጠፋች። ጋሽ ይማምና እኔ መሬት ለመሬት ስንዳብስ አንዲት ቅቤ ሻጭ ከእግሯ ሥር አንስታ፣ «ይችን ነው እንዴ?» አለችን።

«በል እጅህን አስገባና ጭንህ ላይ ተጫነው» አሉ ጋሽ ይማም።

ተጫንኩት። ቀጭ አለ። ለመክፈት የብረቱን ጠርዝ ቀበቶዬ ላይ አያይዤ ሳብ ሳደርገው ተዘረጋ። ዘጋሁት፣ ከፈትኩት፣ ዘጋሁት። ቅቤ ሻጭዋ «እሰይ!» ስትል እኔም ሳቄ መጣ።

ያን ሳምንት ደወሉን የመታሁት እንደ ሠርግ ከበሮ ነው። ሰዓቴን ራሴ ካሰርኩ ሰው ሆኛለሁ፤ ዓለሚቱን እንደገና ብጠይቅ ምን ይከለክለኛል እያልኩ አሰብኩ። ቅዳሜ በማለዳ በሶዬን ቋጥሬ ወደ ብልባላ ወጣሁ። ጥቅምት ነበር። በየቁልቁለቱ ጎን ያለው ሣር ውርጭ ይዞ ከእግሬ ሥር ይንኮሻኮሻል፤ ገብሱ መንጣት ጀምሯል፤ ገበያተኞች አህዮቻቸውን እየነዱ ወደ ላሊበላ ሲወርዱ ሰላምታ እሰጣቸው ነበር። ወደ ማታ ከእነ ዓለሚቱ ቤት ደረስኩ።

አባቷ ከማሳ አልተመለሱም። እናቷ ደነገጡ፤ ሆኖም እንግዳ ነኝና፣ «ግባ ልጄ» ብለው መደብ ላይ አስቀመጡኝ። መሶቡ ቀረበ። ዓለሚቱ የእጅ ውሃ ይዛ ከጓዳ ወጣች። ከስታለች። እንድታይልኝ ብዬ የመቆለፊያውን ጠርዝ ቀበቶዬ ላይ አያያዝኩ፣ ሳብ አደረግኩት፣ ሰዓቱን ከእጄ አራግፌ መደቡ ላይ ጣልኩ። እናቷ፣ «አዬ ብልሃት!» አሉ። ደስ አለኝ።

ዓለሚቱ ውሃውን አፈሰሰችልኝ። በመዳፌ ላይ ወርዶ ሳህኑ ውስጥ ገባ። ደግማ አፈሰሰች። አንድ እጅ ራሱን አያሽም። ውሃው ይወርዳል፣ እኔ መዳፌን እያየሁ ጣቶቼን አንቀሳቅሳለሁ። ያን ሁሉ መንገድ ስመጣ ይኸን አላሰብኩትም ነበር። እሷ ማንቆርቆሪያውን አስቀመጠችና እጄን በሁለት እጆቿ ይዛ ማሸት ጀመረች። መንጭቄ ተነሳሁ። ሳህኑ ተደፋ። የእናቷን ጥሪ ከኋላዬ ትቼ ከቤት ወጣሁ።

ከአጥሩ ብዙ ሳልርቅ ደረሰችብኝ።

«ሰዓትህን ረስተሃል» ብላ ዘረጋችልኝ።

«አየሽ አይደል? ለዚህ ነው የተውኩሽ» አልኳት። «ባል አገባሁ ብለሽ ሕፃን እንዳታሳድጊ።»

ሰዓቱን መዳፌ ላይ አኖረችው። «ለዚህ ኖሯል?»

«ለሌላ ለምን ይሆናል?»

«እኔ በምን አውቄ! ለማንም አልተናገርክ። ሰዉ ግን ‹ነውሯን ሰምቶ ነው የተዋት› አለ። ምንጭ ስወርድ ሴቶቹ ወሬያቸውን ያቋርጣሉ። አባቴ አፍሮ ማኅበር መጠጣት ተወ። አንተ አንድ እጅህን ሸሸግህ፣ እኔ የምሸሸግበት የት ነው?»

«አላወቅኩም፣ ዓለሚቱ።»

«አልጠየቅክማ።»

ይቅር በይኝ አልኳት። ራሷን ነቀነቀች። «ከሙጃ አገር አንድ ሰው ሽማግሌ ልኮብኛል። ይኸን ወሬ ሰምቶ እያመነታ ነው። የተውኸኝ በሰው ፊት ነው፤ ይቅርታውንም በሰው ፊት በለው» አለችና ወደ ቤቷ ተመለሰች።

ያደርኩት ወላጆቼ ቤት ነው። በማግሥቱ እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ ሽማግሌዎቹ እንደ ልማዳቸው ከቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ካለው የጽድ ዛፍ ሥር ተቀመጡ። የዓለሚቱ አባት ዳር ላይ ነበሩ። ጋቢዬን አንገቴ ላይ በእጄ ጨብጬ መሐላቸው ቆምኩ።

«አባቶቼ፣ የምናገረው አለኝ» አልኩ። «የዓለሚቱን ቃል ያፈረስኩት እሷ ላይ ነውር አይቼ አይደለም። እንከን የለባትም። በገዛ እጄ አፍሬ ነው። ይኸን ሳልናገር በመቅረቴ ስሟን አጥፍቻለሁ።»

ስናገር የጨበጥኩትን ለቅቄ ኖሮ ጋቢው ከትከሻዬ ተንሸራቶ መሬት ወደቀ። ስሸሽገው የኖርኩት ጉማጅ ክንድ በሕዝብ ፊት ወጣ። ጎንበስ ብዬ ላንሳው አልኩና ተውኩት። ያን ጊዜ የዓለሚቱ አባት ተነሱ፣ ጋቢዬን አንስተው አቧራውን አራገፉና መልሰው አለበሱኝ።

«ተቀመጥ ልጄ» አሉኝ። ከዚህ ሌላ ቃል አልወጣቸውም። እርግማን እየጠበቅኩ ስለነበር ያችን «ልጄ» እስከ ዛሬ አልቻልኳትም።

ዓለሚቱ በጥር ሙጃ ተዳረች። ደኅና ኑሮ እንደኖረች ሰምቻለሁ። እኔም ከዓመታት በኋላ ላሊበላ ትዳር ያዝኩ፣ ልጆች ወለድኩ፤ ጋቢውንም የምደርበው ሲበርደኝ ብቻ ሆነ።

ጽዱ ሥር የነበሩት ሽማግሌዎች ሁሉ ዛሬ አፈር ውስጥ ናቸው። ብልባላ ለለቅሶ ስሄድ ይኸን ታሪክ የሚያስታውስ ሰው አይገጥመኝም። እኔ ግን መሐል መግባት ያሳፍረኛልና ከድንኳኑ በር አጠገብ እቀመጣለሁ። ወጣቶቹ፣ «አባባ፣ ወደ ውስጥ ይግቡ እንጂ» ይሉኛል፤ በእጄ የማፍር ይመስላቸዋል። በእጄስ ማፈር ከተውኩ ቆየሁ። ከምንጭ የሚመለሱ ሴቶች በደጅ ሲያልፉ ነው ዛሬም ቀና ማለት የሚያቅተኝ።