ለሚቀጥለው ፎቅ የተተወ ብረት

ንጋት 11 ሰዓት፣ ጅግጅጋ

ከመናኸሪያው ስንወጣ ገና ጨለማ ነው። የያዝኩት አንድ ቦርሳና አንድ ትእዛዝ ነው። «የወንድምህን መቃብር በዓይንህ ሳታይ እንዳትመለስ» ብላኛለች እናቴ። ታላቅ ወንድሜ ጀማል ሀርጌሳ ውስጥ ግንበኛ ነበር። ከአራተኛ ፎቅ ወደቀ። በሃይማኖታችን ደንብ የዚያኑ ዕለት ተቀበረ። እኛ የሰማነው በማግስቱ ነው።

ረፋድ 4 ሰዓት፣ ውጫሌ ድንበር

ድንበሩን በእግር ተሻገርኩ። ከማዶ ወደ ሀርጌሳ የሚወስደኝ ሹፌር ዓብዲ ጅግጅጋ ያደገ ነው፤ አማርኛው ከእኔ ይፈጥናል። የመኪናው መሪ በቀኝ ነው፤ የምንነዳውም በመንገዱ ቀኝ ነው። ስለዚህ ሊቀድም ሲፈልግ በግራው የተቀመጥኩትን እኔን ይጠይቀኛል።

«ከፊት ይመጣል?»

«አይመጣም።»

«ከወደብ እስከ ድንበር አስፋልት! ስትራቴጂ ማለት ይሄ ነው፣ ወላሂ።»

ወዲያው ፍሬን ያዘ።

«ታዲያ ለምን ቆምን?»

«ግመል ስትራቴጂ አታነብም፣ ወንድሜ።»

ግመሎቹ ቀስ ብለው ተሻገሩ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል እያለሁ በኢኮኖሚክስ ፈተና የልማት ስትራቴጂ ጥቅም ምንድን ነው ተብለን ነበር። «የሥራ ዕድል» ብዬ ሙሉ ነጥብ አገኘሁ። በዚያው ዓመት ጀማል ዕድሉን ፍለጋ በዚህ መንገድ አለፈ።

8 ሰዓት፣ ሀርጌሳ

ፓስታ በፍየል ሥጋ በላሁ። ሙዝም ነበረው። ሙዙን ለኋላ ብዬ ሳስቀምጠው አስተናጋጁ አዘነልኝ። ለካ አብሮ ነው የሚበላው።

አሕመድ ዳጋህ ሰፈር የጀማል ፎርማን ጋሽ ታደሰ ጠበቀኝ። ጎጃሜ ነው። ከየቤቱ ጣሪያ ላይ የፌሮ ብረት ወደ ሰማይ ቆሟል።

«ብረቱ ለምን አልተቆረጠም?» አልኩት።

«ለሚቀጥለው ፎቅ ነዋ። ውጭ ያለ ዘመድ ገንዘብ ሲልክ ይቀጥላል። እዚህ ያለቀ ቤት የለም፣ ልጄ።»

ጀማል የወደቀበትን ሕንፃ አሳየኝ። አራተኛው ፎቅ ለባለሀብቶች ስለ አገሪቱ እድገት የሚነገርበት አዳራሽ ይሆናል አሉ። መስታወቱ ገብቷል። ከእግሩ ሥር የተሰበረው መወጣጫ ጣውላ የዘበኛው ቤት በር ሆኗል። ምንም አይባክንም።

10 ሰዓት፣ መቃብር

ሜዳው ሰፊ ነው። በየመቃብሩ ዙሪያ ሻካራ ድንጋይ እንደነገሩ ተደርድሯል፤ ስም የለም። እናቴን ምን ልላት ነው?

«የቱ ነው?» አልኩት ጋሽ ታደሰን።

«አንተ ፈልግ። ታገኘዋለህ» አለኝ።

ረድፍ በረድፍ ሄድኩ። ከዚያ ቆምኩ። አንዱ ላይ ድንጋዮቹ እኩል ናቸው፤ ሲባጎ የተወጠረባቸው ይመስላሉ።

ጋሽ ታደሰ ከኋላዬ መጣ። «ሽማግሌዎቹ መቃብር ላይ አይገነባም አሉኝ። አልገነባም፣ አስተካክላለሁ ብቻ አልኳቸው። ውሃ ልኬን ሲያዩ ሳቁ፤ ግን ተዉኝ። ጀማል ጠማማ ድንጋይ አይወድም።»

ዱዓ አደረግኩ። እዚያው ሆኜ ለእናቴ ደወልኩ።

«አየኸው?»

«አየሁት፣ እማ።»

«እንዴት ነው?»

ሀርጌሳ ውስጥ ካየሁት ግንብ ሁሉ ብረት ያልተተወለት ይሄ ብቻ ነው። ያለቀው እሱ ብቻ ነው። እንደዚያ ልላት አልቻልኩም።

«ቀጥ ያለ ነው» አልኳት።