ሐዲዱ ላይ የቆመች መኪና

ዙምራ በሳራዬቮ ከተማ ሃያ ዘጠኝ ዓመት ትራም ነድታ ጡረታ ወጥታለች። አሁን ሳንባዋ ታሟል። ብርዱ ሲበረታ ጭሱና ጉሙ በተራሮቹ መሃል ከከተማዋ ላይ ተኝቶ ይሰነብታል። ሐኪም ቤት በትራም መሄድ ትመርጣለች፤ ልጇ ሚርሳድ ግን አሻፈረኝ ይላል።

«ይሄን አየር እየሳብሽ ፌርማታ ልትቆሚ? ሰው ምን ይለኛል?»

ያን ማክሰኞ ቀጠሮዋ ሦስት ሰዓት ነበር። ሚርሳድ አሮጌ የናፍጣ መኪናውን ደጃፏ ላይ አስነስቶ ሞተሩን ሩብ ሰዓት አሞቀ፤ ጭሱ በቤቷ መስኮት ገባ። መንገዱ በመኪና ተጨናንቆ አላላውስ ሲላቸው ሚርሳድ ወደ ትራሙ ሐዲድ ታጠፈና እዚያም መኪና ዘግቶበት ተገተረ። ከኋላቸው የትራም ደወል ተደወለ።

«ለእኛ ነው» አለች ዙምራ።

«ይደውላ! ባዶውን አይደል የሚሄደው?»

«ባዶ ያስቀረነው እኛ አይደለን? እኔ ስነዳ እንዳንተ ያለውን ምን ብዬ እንደምሰድበው ብታውቅ!»

ሚርሳድ ሳቀ። «በይ ተሳደቢያ፣ ሾፌሯ!»

ልትሳደብ አፏን ስትከፍት ሳል ያዛት። ሳሉም ደወሉም ለረጅም ጊዜ አላቆሙም።

ሐኪም ቤት ሲደርሱ አራት ሰዓት አልፎ ነበር። ነርሷ ተራዋ እንዳለፈ ነግራ ለሳምንት ቀጠረቻት።

«አይዞሽ እማዬ» አለ ሚርሳድ ወደ መኪናው እየደገፋት፤ «ለሳምንቱ ማልደን እንወጣለን። ሞተሩንም ቀደም ብዬ አሞቀዋለሁ።»

ዙምራ አፏን በሻርፗ ሸፍና ገባች።